ያልጠጣሁት አብሾ

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ስትዳር ቢቸና ሄጄ ነበር። ዳሱ ውስጥ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ሳለ ጠላ ቀጂዋ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችኝ። ወደ አፌ ሳስጠጋው ከጎኔ የነበሩ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ሰደድ አድርገው ብርጭቆውን ወሰዱት።

«ለሷ አትቅጅላት» አሏት ቀጂዋን። «አብሾ አለባት። ጠላ ከነካች ይነሣባታል።»

ልጅቱ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ እኔን አየችና ውኃ ልታመጣልኝ ሄደች። ጠላዬን አሮጊቷ ራሳቸው ጠጡት።

ትንሽ ቆይቼ ነፋስ ልቀበል ብዬ ከዳሱ ጀርባ ወጣሁ። አመድ መድፊያው ላይ አብሾ በቅሎ አገኘሁ። ነጭ አበባው እንደ ጡሩምባ አፉን ከፍቷል፤ ፍሬው እሾህ ለብሷል። አንድ ቅጠል ቆርጬ በጣቶቼ አሸሁት። ሽታው አልተለወጠም፤ የሻገተ ቅቤ ላይ እርጥብ ጨርቅ የጣሉበት የሚመስል፣ አፍንጫ የሚያስጨማድድ ሽታ ነው። እኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ትምህርት አልገባ ያለው የቆሎ ተማሪ አብሾ ይጠጣል ይባላል። ከቻለው አእምሮው እንደ ምላጭ ይሆናል፤ ካልቻለው ጨርቁን ጥሎ ይሄዳል። አንዴ የገባ አብሾ ደግሞ አይወጣም፤ እዚያው ተኝቶ ይቆይና መጠጥ ሲነካው ይነቃል። አሮጊቷ ጠላዬን የጠጡልኝ ለደኅንነቴ አስበው ነው።

እኔ በሕይወቴ አብሾ ቀምሼ አላውቅም። ይህን ለቢቸና ሰው ብናገር ግን አብሾ የጠጣ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው ይሉኛል። ስለዚህ ነገሩን ከነአመጣጡ ልጻፈው።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ዕድሜዬ ዐሥር ግድም ይሆናል፤ የተወለድኩበትን ቀን የያዘ ሰው ስላልነበረ ከዚህ አብልጬ መናገር አልችልም። ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። አባቴ ፈንቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጅ ፊደል ብትቆጥር ለማን ልትጽፍ ነው ከሚለው ጥያቄ ግን የሚያወጣው ሰው አላገኘም። እናቴ አለሚቱ መልስ ነበራት፤ እሷን የጠየቃት ግን የለም።

የእኔ ሥራ ለየኔታ ምሳ ማድረስ ነበር። የኔታ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ከከተማው ዳር ቅኔ ያስተምራሉ። ሚስት ስላልነበራቸው የሚበሉት ከእኛ ቤት ይሄዳል። አጭር፣ ጋቢያቸው የማይበቃቸው የሚመስል ሰው ነበሩ። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም። ይህን ግን ሞተው አያምኑም፤ እንዲያውም ሰው ሲያናግራቸው ሆን ብለው ቀኙን ያዞሩለታል። ስለ በሬ የጠየቃቸው ስለ ጾም ይመልሱለታል፤ ስለ ጾም የጠየቃቸው ስለ ሟች አባቱ። ጠያቂው ራሱን እየነቀነቀ፣ ጥልቅ ነገር ነው ብሎ ይሄዳል። ሊቅ ማለት የተጠየቀውን የማይመልስ ሰው ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ።

የኔታ በወጣትነታቸው አብሾ እንደጠጡ አገሩ ሁሉ ያወራ ነበር። ማስረጃው ጠላ አለመጠጣታቸው ነው። ጠላ የማይጠጡት ቃር ስለሚያስነሣባቸው ነበር፤ ይህን እናቴም እኔም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን ሲያወሩባቸው ዝም ይላሉ። ዝምታው ያምርባቸው ነበር።

የዚያን ዓመት የካቲት ላይ ኩፍኝ ገባ። እኔንም ያዘኝ። ጓዳ አስገብተው በሩን በጋቢ ጋረዱት። ከውጭ የመጣ ሰው ጠረኑ እስኪበርድ ደጃፍ ተቀምጦ እንዲቆይ ተደረገ። ሽንኩርት ማቁላላት ተከለከለ፤ በዚህ የተጎዳው አባቴ ነው፤ የጎረቤት ወጥ ፍለጋ እየወጣ ከኩፍኙ ጋር የተጣላ መሰለ። እኔ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ፣ ኩፍኝ ማለት ሽንኩርት የማይወድ ትልቅ እንግዳ ነው፣ ጨርሶ እስኪሄድ ነው እንዲህ የምንጠነቀቅለት እያልኩ አስብ ነበር።

እንግዳው ሄደ። ቆዳዬ እንደ ሽንኩርት ተላጠ፤ በላሁ፤ ተጫወትኩ፤ ለየኔታም ምሳ ማመላለስ ጀመርኩ። ሁሉም ነገር አለፈ ባልንበት ሰዓት ራሴን ያመኝ ጀመር። እናቴ ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ሁልጊዜ መርፌ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ምሽት ላይ ክሩን ይዤ ቀረሁ።

«ሁለት መርፌ ነው የሰጠሽኝ» አልኳት። «የቱ ላይ ላስገባው?»

የቀለድኩ መስሏት ተቆጣችኝ።

በማግሥቱ የየኔታን ምሳ ይዤ ወጣሁ። ከተማሪዎቹ ጎጆ ጀርባ ያለው አመድ መድፊያ ላይ አብሾ በቅሏል፤ አበባውን እወደዋለሁ። አንዱን ቆርጬ ጆሮዬ ላይ ሰካሁት። ሁለተኛውን ልቆርጥ ስንጠራራ እግሬ ተወኝ። የገፋኝ ሰው፣ የመታኝ ድንጋይ አልነበረም፤ ቁጭ አልኩና መነሣት አቃተኝ። ተማሪዎቹ ሲደርሱ ያዩት ይህን ነው፤ የፈንቴ ልጅ አበባዋን ሰክታ አብሾው ሥር ተዘርግታለች፤ ዓይኗ ፈጧል፤ ስሟን ሲጠይቋት ስለ መርፌ ታወራለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይጠይቃል?

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን ነግረውኛል፤ እየለየሁ እጽፋለሁ። እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆኖብኝ ስቆነጥጠው፣ የእህቴ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ይህን የነገሩኝ ነው። አንደበቴ ተያዘ፤ ቃል ሲወጣም የፈለግሁት ሳይሆን ሌላው ቀድሞ ይወጣል። ይህን ራሴ አስታውሰዋለሁ። ሰውም ሁለት ሁለት ሆኖ ይመጣል። ድመታችን እንኳ ሁለት ሆናለች። አልፈራሁም፤ ኩፍኝ የወጣለት ሰው ዘመዱ የሚበረክትለት መሰለኝ።

የኔታ ሊጠይቁኝ መጡ። ሁለት ሆነው ገቡ። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። እናቴ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ አንድ ብቻ። ነውር መሰለኝ።

«የኔታ» አልኩ፤ «ወንድምዎ ቆመው ቀሩ እኮ፤ ይቀመጡ እንጅ።»

የኔታ ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ።

«ምን ይመስላል?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎን።»

«ምን ለብሷል?»

«ያንኑ ጋቢ። ትከሻው ላይ እንደርስዎ የሳቸውም ተቀዷል።»

አንዲት ሴት እልል ልትል ከጀመረች በኋላ የበሽተኛ ቤት መሆኑ ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። ጠባቂ መልአካቸውን አየች ተባለ። የኔታ ተነሥተው ሄዱ፤ በማግሥቱ ግን ጋቢያቸውን አሰፉት። መልአኩ በቀዳዳ ጋቢ መታየቱ አስነውሯቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሕመምተኛ ቤት መሆኑ ቀረ። አንዳንዱ እህል ይረክስ እንደሆነ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ሁለት የቅኔ ተማሪዎች ከመደቤ ግርጌ ተቀምጠው አፍ አፌን ያዩ ነበር። አንድ ቀን ጨው ላይ በሬ ተኛበት ብዬ ተናገርኩ፤ የዚህን ምሥጢር ሲከራከሩ ዋሉ። አንዱ ጨው ዓለም ናት አለ፤ አንዱ የለም፣ በሬው ነው ዓለም አለ፤ ሊደባደቡ ደረሱ። እኔ የፈለግሁት ውኃ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ ክትባቱ ነው ብሎ ነበር። ባለፈው ክረምት ማብቂያ የፈንጣጣ ከታቢዎች መጥተው የሁላችንንም ክንድ ጭረው ነበርና፣ ጠባሳውን ለሰው ሁሉ ያሳያል። የአብሾው ወሬ ሲበረታ ግን ክትባቱን ተወው። ልጁ በመንግሥት ጭረት ታመመች ከሚባል ከየኔታ አብሾ ቀመሰች ቢባል ይሻለው ነበር፤ ይኸኛው ቢያንስ ክብር አለው።

የክሊኒኩ ድሬሰር አቶ ደበላ ከወለጋ የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። በባትሪ ዓይኔን አዩ፤ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ፤ የእግሬን መዳፍ በቁልፍ ጫሩት። ከዚያ ከእናቴ ጋር ደጅ ወጥተው ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ነገሯት። ሞጣ ከእሳቸው የተሻለ የተማረ ጤና መኮንን አለ፤ እሱ ጋ ውሰጅያት። አብሾ ጠጥታ ከሆነ ግን እንዳትደብቁኝ፤ የአብሾና የሌላ ሕመም መድኃኒት አንድ አይደለም አሏት። ደግሞም አብሾ ቢሆን እስካሁን ይለቃት ነበር ብለው ጨመሩ።

ይኸኛውን የሰሙት ሽማግሌዎች ሳቁባቸው። የተማሪ አብሾና የየኔታ አብሾ አንድ ነው እንዴ? አብሾ የያዘውን ሰው ደግሞ መርፌ ከወጉት በዚያው ያብዳል፤ መንገድ ካንገላቱትም እንደዚያው። ተኝታ፣ ሳትነካ፣ አብሾው እስኪሰክንላት ትቆይ ብለው ፈረዱ። አባቴም ፈርቶ እሺ አለ።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ለመጣው ሁሉ ትጠይቃለች።

«መርፌው ሁለት የሆነባት አንድ ቀን ቀድሞ ነው። አበባውን የቆረጠችው በማግሥቱ ነው። አብሾ ወደ ኋላ ይሄዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ሊመልስ የሚችለው አንድ ሰው ነው፤ የኔታ። አልሰጠኋትም የሚል አንድ ቃል ቢወጣቸው አባቴ ሞጣ ይወስደኝ ነበር። የኔታ ግን ያንን ቃል ወዴት እንዳስቀመጡት እንጃ። ከደብረ ወርቅ ወገን ሳይቀር ተማሪ ይጎርፍላቸው ጀምሯል፤ በአንዲት ሕፃን ላይ እንዲህ የሠራ አብሾ በእኛማ ላይ ምን ሊያደርግ ነው እያሉ። ማር የሚያመጣላቸውም አለ። እናቴ ሄዳ ስትጠይቃቸው ቀኝ ጆሯቸውን አዙረው ስጦታ ሁሉ ከላይ ነው ይሏታል። ሰጠኋትም አልሰጠኋትም ሳይሉ ይሸኟታል። ዋሽተው አያውቁም፤ እንዲሁ ወሬው አልፏቸው እንዳይሄድ ብቻ ነበር የፈለጉት።

በዚህ መሀል እኔ እየባሰብኝ ሄድኩ። ውኃ ያንቀኝ ጀመር። እጄም እንደ እግሬ ሊተወኝ ዳዳው። አንድ ጠዋት እናቴ በጨርቅ እየነከረች ከንፈሬ ላይ ስታንጠባጥብ ዓይኖቿን አየኋቸው፤ አራት ናቸው፤ አራቱም ፈርተዋል።

እሑድ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰንበቴ ተቀምጠዋል፤ የኔታ ከመሀላቸው አሉ። እናቴ የታናሽ እህቴን አንቀልባ አወጣችና የዐሥር ዓመት ልጅ አዘለች። እግሮቼ ጉልበቷ ድረስ ተንዘላዝለው፣ ስትራመድ ከወዲያ ወዲህ ይማታሉ። መንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ሳቁን መያዝ አልቻለም፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ ይላሉ። ሴት ወደማትገባበት የወንዶቹ መደዳ ገባችና ከየኔታ ፊት ምድር ላይ አስቀመጠችኝ። ከኋላዬም በጉልበቷ ደገፈችኝ።

«የኔታ» አለች፤ «ሰጥተዋታል ወይስ አልሰጧትም?»

የኔታ ቀኝ ጆሯቸውን አዞሩላት። «ጾሙ እንግዲህ እየገሠገሠ ነው...» አሉ።

እናቴ ዞራ በግራቸው ቆመች። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ጥያቄውን ደገመችው፤ ድምፅዋ ግን ከፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር።

የኔታ እኔን አዩ። ሌላውም የኔታ አየኝ። የማየውን ነገር ነው የተናገርኩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ምነው ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ?» አልኩ።

እንደሚያለቅሱ አላወቁም ነበር መሰለኝ፤ እጃቸውን ሰደው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ጣታቸው ረጥቦ ሲያዩት ጊዜ ነገሩ አለቀ።

«አልሰጠኋትም» አሉ። ሰንበቴው ሁሉ ዞረ። «ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። እኔም ጠጥቼ አላውቅም።»

አንድ ሽማግሌ ኧረ የኔታ ብለው ሊያስቆሟቸው ሞከሩ።

«ተወኝ ልናገር። ይኸ ሁሉ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዘውን እኔ ሌሊትና ቀን ስደጋግም ነው የያዝኩት። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። ጠላም ቃር ስለሚያስነሣብኝ ነው። ልጅቱ ታማለች፤ ውሰዷት።»

ከተቀመጡት መሀል አብዛኞቹ አላመኗቸውም፤ ትሕትና ነው አሉ። አባቴ ግን አንድ ሰው ያንን ያህል ሕዝብ ፊት ደደብ ነበርኩ ብሎ የሚዋሽበት ምክንያት ሊታየው አልቻለም። በዚያው ቀን የሞጣውን ነጋዴ ሐጂ እድሪስን ፈልጎ አገኘ። ሐጂ እድሪስ ከአባቴ ጤፍና ሽምብራ እየገዙ በጭነት መኪና የሚያጓጉዙ የቆየ ወዳጁ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ጆንያው ላይ ፍራሽ ተነጠፈልኝ። እናቴ ወጣች። የኔታም ጥላቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ በተማሪዎቻቸው ተገፍተው ወጡ።

መኪና ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ገደል ባየን ቁጥር የኔታ ከላይ አንድ ጻድቅ ይጠራሉ፤ ሐጂ ከጋቢናው ውስጥ ቢስሚላሂ ይላሉ፤ ገደሉ ሲያልፍ ሁለቱም በየፊናቸው በእኔ ነው ያለፈው የሚል ፊት ያሳያሉ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ መኪናው ቆመ። የየኔታ የትምህርት ጓደኞች የሞሉበት አገር ነው። በሽምብራ ላይ ተጭነው እንዳይታዩ ጥላቸውን ዘርግተው ከኋላው ተጎነበሱ። እኔ ግን ሁለት ጥላ ስላየሁ፣ ሁለቱም መደበቃቸው ደስ አለኝ። ከጉንደ ወይን ወዲያ አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ አደረገን፤ ጥላውም አላስፈለገ።

ጤና መኮንኑ ልጅ እግር ነበር። ሰው ዶክተር ሲለው ዶክተር አይደለሁም ይላል፤ ሰው ደግሞ እሺ ዶክተር ይለዋል። አንድ ጣቱን ዓይኔ ፊት አቆመ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት» አልኩ።

እናቴ በኩራት አየችው። የመርፌውን ነገር የሚያምንላት ሰው ያገኘች መሰላት። አንድ ዓይኔን በመዳፉ ሸፍኖ እንደገና ጠየቀኝ፤ አንድ አልኩ። ሌላውን ሸፈነ፤ አንድ አልኩ። የኔታ ይህን ትኩር ብለው ተመለከቱ። መልአክ በመዳፍ እንደማይሸፈን የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጋቢያቸውን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ በዝግታ ቁጭ አሉ።

ቀጥሎ ኩፍኝ መቼ እንደወጣብኝ ጠየቀ። እናቴ ነገረችው። ክትባቱንም ጠየቀ፤ ነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ከክትባት በኋላም ይታያል፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ፤ የሷ ግን ያ ከራቀ በኋላ ስለሆነ ከኩፍኙ ነው አለ።

«ኩፍኙማ ድኖላታል» አለች እናቴ።

«አዎ፤ ኩፍኙ ወጥቷል። ሌባ በጨለማ ቤት ገባ እንበል። ባልና ሚስት ዱላ ይዘው ተነሡ። ሌባው በመስኮት ወጣ፤ እነሱ ግን አላዩም። ያገኙትን ይመታሉ፤ እርስ በርሳቸው ይደባደባሉ። የልጅሽም ሰውነት ኩፍኙን የመታ መስሎት የገዛ አንጎሏን እየመታ ነው።»

እናቴ ጥቂት አሰበች። «ታዲያ ማን ያገላግላቸዋል?»

«ብዙውን ጊዜ ሲደክማቸው ራሳቸው ይተዋሉ» አለ። «መድኃኒት እሰጣታለሁ፤ እስከዚያ እንዳትታነቅ፣ ጎኗ እንዳይቆስል እንጠብቃለን። አብዛኞቹ ይድናሉ። ሁሉም ይድናሉ አልልሽም።»

የኔታ በሌባው ምሳሌ ተደሰቱ። ከዚያ ወዲያ ለሞጣ ሰው ሁሉ አወሩት፤ ሲያወሩት ግን ባልየው ቄስ ሆነ፣ ሌባው ዲያቆን፣ ዱላው መቋሚያ።

የተቀመጥነው ሐጂ እድሪስ ቤት ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ የእህል መጋዘኑን ግማሽ አስጠርገው ሰጡን። እናቴ በጾም ወራት በእስላም ድስት ስለመብላት ከልቧ ተጨንቃ ነበር። እትዬ ዘሀራ ግን ሳይጠየቁ አዲስ የሸክላ ድስት ከገበያ ገዝተው፣ ከነጭቃው ሽታ በእጇ ሰጧት። ለፋሲካም በግ ነዱልን፤ በሕይወቱ፣ በገመዱ፤ የኔታ ራሳቸው እንዲያርዱት። የኔታ በግ አርደው አያውቁም ነበር። በጉ መጋዘኑን ሦስት ጊዜ ዞረባቸው፤ በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ክርስቲያን ተጠርቶ አረደው፤ እሳቸው ባረኩት።

መርፌ ተወጋሁ፤ አላበድኩም። መጀመሪያ የተመለሰልኝ ውኃ መዋጥ ነው፤ ቀጥሎ እጄ። ከዚያ በጤፍ ጆንያዎች መሀል መቆም ተማርኩ። ጆንያው ለመደገፍ እንደ ሰው ነው፤ ትንሽ ሰርጎድ ይላል፣ ግን አይጥልም። ከጤፉ እስከ ሽምብራው እሄዳለሁ፤ ሽምብራው ጋ እወድቃለሁ፤ እትዬ ዘሀራ ያነሡኛል። ወደ ኋላ ደግሞ ከሽምብራው እስከ ጤፉ።

የኔታ በየጠዋቱ እየመጡ ፊቴ ይቆማሉ።

«ዛሬስ ስንት ነን?» ይላሉ።

«ሁለት።»

«ደግ» ብለው ይሄዳሉ። ሕመም መሆኑን ያውቃሉ፤ ግን ደግ ሲሉ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም ነበር። አንድ ጠዋት ግን አንዱ የኔታ እንደ ጥላ እየሳሳ ወደ ሌላው ገባ።

«ዛሬስ ስንት ነን?»

«አንድ።»

እናቴ ከመጋዘኑ በር ላይ የያዘችውን ጣሳ ለቀቀችው። የኔታ ግን አልተንቀሳቀሱም። ወደ ግራቸው ዞር ብለው አዩና፣

«የቱ ነው የቀረው?» አሉ።

«ጆሮዎ የማይሰማው» አልኩ።

እናቴ ደንግጣ አፌን በመዳፏ ያዘች። ቢሆንም አልሰሙኝም፤ በቀኛቸው በኩል ነበርኩ።

ክረምቱ ሳይገባ ቢቸና ተመለስን። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ግራ እግሬን ትንሽ እጎትታለሁ። ጭንቅላቴ ግን ወንፊት ሆኗል። እናቴ ወደ ጎረቤት ስትልከኝ ደጃፍ ላይ ምን እንደተላክሁ ይጠፋኛል። አብሾው እስኪሰክን የጠበቁ ሰዎች ሊሰሙኝ ተሰበሰቡ። አንዱ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ሌላው ለመፈተን ያህል ወሩ ማን ነው አለኝ፤ ግንቦት ነበር፤ ጠፋኝ። ተያዩ። የያዘችውን ነገር በቀላሉ የምታወጣ አይደለችም ተባብለው፣ ከበፊቱ የበለጠ አክብረውኝ ሄዱ።

አባቴ ግራ ገብቶት ነበር። ራሱ የየኔታን ቃል አምኗል፤ አገሩ ግን አላመነም፤ አገሩ በየመንገዱ እያስቆመው ያንን ያህል ነገር ውስጧ ተኝቶ እንዴት ቤት ታስቀምጣታለህ ይለዋል። ለማን ልትጽፍ ነው የሚለው ጥያቄ እንዲህ ሆኖ ያለ መልስ ቀረ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትግባ አለ። እስከዚያ ክረምቱን የኔታ ፊደል ሊያስቆጥሩኝ ወሰዱኝ።

የኔታ ቤት እንደ ድሮው አልነበረም። አብሾ ሽተው የመጡት ተማሪዎች እንደሌለ ሲያውቁ ሄደዋል፤ ማር የሚያመጣም የለም። ዝናቡ በሣሩ ክዳን ላይ ሲወርድ እኔና እሳቸው ብቻ ቁጭ እንላለን። ጠዋት የያዝኩት ፊደል ምሳ ሳይደርስ ይጠፋኛል። በተማሪዎቻቸው ላይ ዱላ የሚያነሡት የኔታ እኔን አልተቆጡኝም። ጣቴን ይዘው ወደ መጀመሪያው ይመልሱታል። እኔ ሳለቅስ፣ ይህ ፊደል እኔንም ሸፍጦኛል፣ ያውቀኛል፣ ተንኮለኛ ነው ይሉኛል። በየቀኑ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ማምሻውን ወደ ቤት ስሄድ ምንም የያዝኩ አይመስለኝም፤ ሆኖም ከወንፊቱ ላይ አንዳንድ ፍሬ መቅረት ጀምሮ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ከፊደል ገበታው አልፌ፣ አንድ ሙሉ መሥመር ያለ ማንም ርዳታ አነበብኩ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። ውኃ ቀድተው የሚመለሱ ሁለት ሴቶች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ሰማሽ?» አለች አንደኛዋ። «አብሾው ሠራ።»

በግራቸው በኩል ስለነበር የኔታ ሰሟት። ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በጭቃው ወደ አጥሩ ሄዱ። የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ሰንበቴ ላይ ያሉትን ነው፤ አልሰጠኋትም፣ እኔም አልጠጣሁም፣ ደጋግሜ ነው የተማርኩት። ሴቶቹም አዎን የኔታ፣ አዎን የኔታ ሲሉ ይሰማኛል፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። ተመልሰው መጡና ተቀመጡ። የረጠበውን ጋቢ ከትከሻቸው አራገፉ።

«አላመኑኝም» አሉ።

ከዚያ በርጩማቸውን ዞር አድርገው፣ የሚሰማውን ግራ ጆሯቸውን ወደ እኔ አቀረቡ።

«በይ ድገሚው።»